ቀለበት ቆጣሪዎች ሆይ፣ እስቲ ስለ ኤልጂን ቤይለር ላውራችሁ

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ባለፈው በጻፍኩት ላይ የተሰዳደባችሁት ለሁላችንም ይበቃል፤ ያልጨረሰ ካለ እዚያው ገብቶ ይጨርስ። ዛሬ የማወራው ስለ ድሮ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነው። አርሰናል ሲሸነፍ እህል የማይወርድላችሁ የእግር ኳስ ወዳጆቼም አትሽሹ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ኪሳችን ውስጥ ይገባል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

የኤርፖርት ተራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አውሮፕላን የዘገየ ቀን መኪናችን ቆሞ፣ እኛም ቆመን፣ ከአንዱ ፔርሙዝ ቡና እየተቀዳ የዓለም ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይፈታል። ሰሞኑን የተያዘው ክርክር ጆርዳን ይበልጣል ወይስ ሌብሮን የሚለው ነው። አንዱ ወገን "ስድስት ቀለበት!" ይላል። ሌላው "አራት ቢሆንም በሦስት ክለብ ነው!" ብሎ ይመልሳል። ለማታውቁት፣ ቀለበት ማለት ኤንቢኤን ያሸነፈ ቡድን ተጫዋቾች የሚሸለሙት ጌጥ ነው፤ እዚህ አገር የተጫዋች ትልቅነት በሱ ይቆጠራል።

"ኤልጂን ቤይለርንስ የት ጣላችሁት?" አልኩ።

"ማነው ደግሞ እሱ፣ ጋሼ?" አለኝ አንዱ ወጣት።

"የዚሁ የዲሲ ልጅ ነው።"

"ስንት ቀለበት አለው?"

"አንድም።"

ሳቁብኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ይዘው መጡ!" ሲለኝ ተራዬ ደረሰና ተሳፋሪ ጭኜ ወጣሁ። እስከ ቤተስዳ ድረስ መልሱን በሆዴ ሳሰላው ነበር። ይኸውላችሁ፣ ረዘም ይላል።

ቤይለር በ1934 እዚሁ ዋሽንግተን ተወለደ። አባቱ ልጁ ሲወለድ የእጅ ሰዓቱን አየና በሰዓቱ ፋብሪካ ስም ኤልጂን አለው ይባላል። የእኛ ሰው ልጁን "ሴይኮ" ብሎ እንደማውጣት ነው። በዚያ ዘመን ይቺ የሐውልት መአት የተተከለባት ከተማ ጥቁርና ነጭ ለይታ የምታኖር ነበረች። በሰፈሩ ያለው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ለነጭ ልጆች ብቻ ስለነበር፣ ቤይለር ቅርጫት ኳስን በደንብ የጀመረው 14 ዓመት ሲሞላው ነው። የተማረው ስፒንጋርን ነው። ቤኒንግ ሮድ ላይ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፣ ጎልፍ ሜዳው አጠገብ ያለው ትልቁ የቀይ ጡብ ሕንፃ። በ2013 ተዘግቷል። ኋላ የዲትሮይት ከንቲባ የሆነው ዴቭ ቢንግም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሊጉ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ከመረጣቸው 50 ታላላቅ ተጫዋቾች ሁለቱ ከዚህ ከአንድ የሰፈር ትምህርት ቤት መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? በየቀኑ በደጁ እናልፋለን።

ለነገሩ እኔም የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው። ከዚያ ሰፈር አንድ አዛውንት ለረጅም ጊዜ ወደ ኩላሊት እጥበት አመላልስ ነበር። ሒሳቡ በቫውቸር ስለሆነ ቲፕ የለም፤ ቲፑ ወሬያቸው ነበር። እኔ ያኔ ከድሮ ተጫዋች የማውቀው ጆርዳንን ብቻ ነው። እሳቸው ግን፣ "ጆርዳን አየር ላይ ይቆያል ትላላችሁ፤ እኛ አየር ላይ መቆየትን ያየነው በልጅነታችን እዚህ አስፋልት ላይ ነው" አሉኝ። የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ የድሮ ሰው የድሮውን ያገንናል፣ እኛም ስለ መንግሥቱ ወርቁ ስናወራ እንደዚያው ነን። ግን ያሉት እውነት ነው። ከቤይለር በፊት የነበረው ኤንቢኤ በአብዛኛው መሬት ለመሬት፣ ሁለት እግር ተክሎ የሚወረወርበት ጨዋታ ነበር። ይኼ ሰው 1 ሜትር ከ96 ቁመቱን ይዞ ይነሣል፣ አየር ላይ ሆኖ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ተከላካዩ ወርዶ መሬት ሲነካ እሱ ገና ኳሷን ከየት በኩል ልጣላት እያለ ያስባል። ጁሊየስ ኧርቪንግም ጆርዳንም የመጡት እሱ በጠረገው መንገድ ነው።

በ1958 የያኔው የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ከሁሉም ቀድሞ መረጠው። ክለቡ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ባለቤቱ ቦብ ሾርት፣ ቤይለር እምቢ ቢለኝ ኖሮ ከሥራው ወጥቼ ነበር ብሎ ኋላ ተናግሯል። ይኼን የቦብ ሾርትን ስም ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

በጥር 1959፣ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ፣ ቡድኑ ለጨዋታ ቻርለስተን ዌስት ቨርጂኒያ ሄደ። ሆቴሉ ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አላሳድርም አለ። ቡድኑ አብሮ ተነሣና ጥቁሮች ወደሚያድሩበት ቤት ሄደ፤ ይኼ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም። ቤይለር ግን ምግብ ቤትም እንደዚያው ሲከለከል፣ ማታ ማሊያ አልለብስም አለ። የቡድን ጓደኛው ሮድ ሀንድሊ የዚያው ከተማ ልጅ ነበርና ሄዶ ለመነው። የቤይለር መልስ፣ እኔ ሰው ነኝ፣ ለትርኢት ሲፈለግ ከብረት ቤቱ ተፈትቶ የሚወጣ አውሬ አይደለሁም የሚል ነበር። ሀንድሊ ይኼን ሲሰማ "እንግዲያው አትጫወት" አለው። ቡድኑ ያን ማታ ተሸነፈ። እስቲ አስቡት፣ 24 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚህ ከተማ መጥቶ ያን ንግግር ሊያደርግ ገና አራት ዓመት ከመንፈቅ ይቀራል። እኛ ከአለቃችን ጋር አንዲት ቃል ለመለዋወጥ ስንት ጊዜ ምራቃችንን እንደምንውጥ ታውቃላችሁ።

በዓመቱ በጥር 1960 ደግሞ ቡድኑን የያዘች አሮጌ ዲሲ-3 አውሮፕላን ኤሌክትሪኳ ጠፍቶባት በበረዶ ውስጥ ስትባዝን አምሽታ፣ ካሮል አይዋ የሚባል ቦታ የበቆሎ ማሳ ላይ አረፈች። የሞተ የለም። እንደዛሬው ተጫዋች ሁሉ በምቾት የሚበር እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

አሁን ሁለት ሥራ ለምትሠሩ ወገኖቼ የምትጥመዋ ታሪክ። በ1961-62 ቤይለር የተጠባባቂ ጦር አባል ስለነበር ተጠርቶ ፎርት ሉዊስ ገባ፤ ያ በዚያ ማዶ ያለው ዋሽንግተን ነው፣ የኛ አይደለም። በአዘቦት ቀን ወታደር ነው። ፈቃድ ሲያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ፣ አውሮፕላን ይዞ ቡድኑ ያለበት ከተማ ይደርሳል፣ ከቡድኑ ጋር ልምምድ ሳይሠራ ይጫወታል፣ ከዚያ ወደ ካምፑ ይመለሳል። ከ80 ጨዋታ የተጫወተው 48 ብቻ ነው። በነዚያ ጨዋታዎች በአማካይ ያገባው 38.3 ነጥብ ነው! ዛሬ አንድ ኮከብ ተጫዋች እንዲህ ያለ አማካይ ቢያስመዘግብ ኢንተርኔቱ ይዘጋ ነበር፤ ይኼኛው በትርፍ ሥራ ነው ያገባው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በፍጻሜው ቦስተን ሴልቲክስን በገዛ ሜዳቸው 61 ነጥብ አገባባቸው። በፍጻሜ አንድ ጨዋታ ከዚያ በላይ ያገባ እስካሁን የለም። ጆርዳንም፣ ኮቢም፣ ሌብሮንም።

ዋንጫውን ግን ቦስተን ወሰደ። በሰባተኛው ጨዋታ ውጤቱ እኩል ሆኖ ሰከንዶች ሲቀሩ ፍራንክ ሴልቪ የሚባለው የሌከርስ ተጫዋች ከቅርብ ወረወረ፣ ሳተ። በተጨማሪ ሰዓት ቦስተን አሸነፈ። እንግዲህ ቀለበት የምትሉት ያቺ ናት፤ ከሌላ ሰው እጅ የወጣች አንዲት ኳስ። ብትገባ ቤይለር ቀለበት ነበረው፣ ያ ወጣት ወንድሜም አይስቅብኝም ነበር።

ቤይለር በነበረበት ዘመን ሌከርስ ስምንት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ስምንቱንም ተሸነፈ፣ ሰባቱን በቦስተን። በ1965 ጉልበቱ ተሰበረ፤ ሐኪሞቹ መጫወቱን ተጠራጠሩ፣ እሱ ግን ተመልሶ ስድስት ዓመት ገደማ ተጫወተ። በ1971 መጸው ላይ ዘጠኝ ጨዋታ ከተጫወተ በኋላ ጉልበቱ አልቻለምና ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ የሆነውን ስሙ። እሱ ካቆመ በኋላ ካለው ጨዋታ ጀምሮ ሌከርስ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ። እኔ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ተራዬን ለቅቄ ስወጣ ከኋላዬ የነበረው ሰው የባልቲሞር መንገደኛ ሲያገኝ ይኼ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

እሺ፣ ቀለበት ለምትቆጥሩ ንጉሣችሁ ጆርዳን ሳይሆን ቢል ራስል ነው። 13 ዓመት ተጫውቶ 11 ቀለበት። ጣት አልቆበታል። ግን እሱ ያን ሁሉ ዋንጫ ለቦስተን ሲያመጣ፣ ከቦስተን ወጣ ብሎ የሚኖርበትን ቤት ሰብረው ገብተው አርክሰውበታል። በ1961 ሌክሲንግተን ኬንታኪ ላይ ጓደኞቹ በሆቴሉ ቡና ቤት አንሸጥላችሁም ሲባሉ፣ እሱና የቡድኑ ጥቁር ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው በረሩ። ይኼ እንግዲህ ቤይለር ቻርለስተን ላይ ካደረገው ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። 11 ቀለበት ያለውና ቀለበት የሌለው ሰው በዚህ በኩል እኩል ናቸው።

ዊልት ቻምበርሌንን ሳልጠቅስ ባልፍ ትጮሁብኛላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 1962፣ ኸርሺ ፔንስልቫኒያ፣ የቸኮሌቱ ከተማ፣ በአንድ ማታ 100 ነጥብ። በአዳራሹ የነበረው ሰው 4,124 ነው፣ ፊልም የለውም። ከጨዋታው በኋላ ወደ ኒውዮርክ የተመለሰው በመኪና፣ ያሸነፋቸውን የኒክስ ተጫዋቾች ይዞ ነው። ስለ ዊልት ሌላው ሌላ ቀን።

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ጥር 14 ቀን 1964፣ ቦስተን። የዓመቱ የኮከቦች ጨዋታ ነው። ውጭ በረዶ ይወርዳል። ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጨዋታውን በምሽቱ ዋና ሰዓት ለመላው አገር በቀጥታ ሊያስተላልፍ ካሜራውን ተክሏል። ሊጉ ያኔ ድሃ ነው፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ ናፍቆታል።

ተጫዋቾቹ በዚያ ጊዜ ጡረታ የሚባል አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ውድድሩ ሲዘጋ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ማኅበራቸውን የቦስተኑ ቦብ ኩዚ በ1954 መሥርቶት ነበር፤ ግን ባለቤቶቹ ለጡረታው ጥያቄ "እናያለን" እያሉ ዓመት ሲያስቆጥሩ ነበር። "እናያለን" የሚለውን ቋንቋ እኛም ተምረነዋል።

ያን ማታ ኮከቦቹ በመልበሻ ክፍል ተሰበሰቡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቶም ሃይንሶን፣ ቢል ራስል፣ ዊልት፣ ኦስካር ሮበርትሰን፣ ጄሪ ዌስት፣ ቦብ ፔቲት፣ ሌኒ ዊልከንስ፣ የኛው ቤይለር። ጥቁርም ነጭም። የጡረታ ቃል በአፍም ቢሆን ካልተሰጠን ወደ ሜዳ አንወጣም አሉ። ሁሉም እኩል አልጨከነም፤ ይኼ የሰው ነገር ነው፣ ልጅ ያለው አለ፣ ገና የመጣ አለ። ግን በሩ ተዘጋ። የቡድን ባለቤቶች መጥተው ዛቱ፤ ዳግመኛ አትጫወቱም የሚል ነገር ተባለ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቦብ ሾርት ትዝ ይላችኋል? በቤይለር ከመዘጋት የዳነው ሰውዬ? በር ላይ በቆመው ዘበኛ በኩል፣ ቤይለርና ዌስት አሁኑኑ ይውጡ የሚል ትእዛዝ ላከ። ቤይለር በዚያው ዘበኛ በኩል የመለሰለትን እዚህ አልጽፈውም፣ እናቶችም ያነባሉ። ይተረካል እንጂ አይጻፍም።

ወላዋይ የነበረው ሁሉ ከዚያች መልእክት በኋላ ጸና ይላሉ በቦታው የነበሩት። ቴሌቪዥኑ ይጠብቃል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል። ኮሚሽነሩ ዋልተር ኬኔዲ ወደ ክፍሉ ገብቶ ጡረታው እንዲመጣ እሠራለሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ወጡና ተጫወቱ። ምሥራቆቹ 111 ለ107 አሸነፉ፣ ኦስካር ኮከብ ተባለ። ውጤቱን ማን ያስታውሳል? ያቺ የመልበሻ ክፍል ግን የዛሬው የሊጉ ጡረታ መሠረት ሆነች። ዛሬ ስቴፍ ከሪ በዓመት ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲከፈለው፣ ለሱና ለጓደኞቹ የተዋዋለው ማኅበር ጥርስ ያወጣው ያን ማታ ነው። ወጣቱ ወንድሜ፣ ቤይለር ስንት ቀለበት አለው አልከኝ። መልሴ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን ልምጣ። እኛ ሾፌሮች በወረቀት ላይ "የራሳችን አለቃ" ነን። 1099 ይመጣልናል እንጂ ጡረታ የሚያዋጣልን አሠሪ የለም። የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን 15.3 በመቶ ሙሉውን ከራሳችን እንከፍላለን፣ ተቀጣሪው ግማሹን ሲከፍል። ነጥብ ከተባለ ሶሻል ሴኩሪቲም ነጥብ ይቆጥራል፤ 40 ክሬዲት፣ ማለት የ10 ዓመት ሥራ። ያን የሞላም ቢሆን የሚደርሰው ላስመዘገበው ገቢ ነው። ታክስ ሲመጣ ገቢን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ያኔ ብልጠት ይመስላል። 67 ዓመት ሲሞላ ግን ፖስታው ሲከፈት ያ ብልጠት ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ስንቱን አባት አውቃለሁ፣ 30 ዓመት በዚህ ከተማ ነድቶ፣ ልጆች አስተምሮ፣ አገር ቤት ቤት ሠርቶ፣ ዛሬ በ70 ዓመቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ተራ የሚይዝ። ሥራ ወድዶ አይደለም። "ቤት መቀመጥ ያሳምመኛል" ይላችኋል፤ የኔታ ካልሆነ በቀር ማንም አያምነውም።

እኛ መልበሻ ክፍል የለንም፣ እያንዳንዱ በየመኪናው ነው። በሩን ብንዘጋው የሚዘጋው በራሳችን ላይ ነው፣ ወዲያው ሌላው ስልኩን ነክቶ መንገደኛውን ይወስዳል። ስለዚህ እነሱ እንዳደረጉት እናድርግ ብዬ አልፎክርም። እነሱ 20 ነበሩ፣ ያለነሱ ጨዋታ አልነበረም። ግን ያ ማታ የተጠየቀው ደመወዝ ይጨመር አይደለም፤ ስናረጅስ ነው። 25 እና 27 ዓመት የሆናቸው፣ ጉልበታቸው የማያልቅ የሚመስላቸው ልጆች ስናረጅስ ብለው መጠየቃቸው ነው እኔን የሚደንቀኝ። በኛ ተራ ላይ ይኼን ጥያቄ ብታነሣ "እስከዚያ አገሬ እገባለሁ" ነው መልሱ። ይኼን መልስ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ እስካሁን ስንት እንደተመዘገበ ማየት ነጻ ነው፤ ያላያችሁ ዛሬ ማታ እዩት። እንግሊዝኛው ለከበዳችሁ ልጆቻችሁን ጥሩ፣ ስልክ ላይ ከሚጥዱ።

ኦስካር ሮበርትሰንን ሳላነሣ አልጨርስም። በ1955 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ክሪስፐስ አተክስ የሚባለውን የጥቁሮች ትምህርት ቤት የስቴቱ ሻምፒዮን አደረገ። ሌሎች ሻምፒዮኖች በመሀል ከተማ ሲጨፍሩ፣ እነሱን ሐውልቱን አንዴ አዙረው ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር መናፈሻ መሩዋቸው። ያ ቂም አልለቀቀውም። በ1961-62 በዓመቱ አማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ፣ 11.4 ለጎል የሚሆን ኳስ አቀበለ። ሰው ሁሉ እሱን የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው። እኔ የማከብረው ግን በክሱ ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1970 ሊጉን ከሰሰ። ያኔ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ እንኳ የክለቡ ንብረት ነበር፤ ወደፈለገበት መሄድ አይችልም። ካፋላ ሥር የኖራችሁ የዐረብ አገር እህቶቼና ወንድሞቼ ይኼ ስሜት ይገባችኋል፣ ደመወዙ ቢለያይም። ክሱ በ1976 በስምምነት አለቀና ያ ሰንሰለት ተፈታ። ኦስካር ግን ጫማውን ከሰቀለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፣ አንድ ሳንቲም አልተጠቀመበትም። እንዲያውም ኋላ ሥራ እንዳሳጣው ይናገራል።

በዚያው በ1976 ኤንቢኤ ተፎካካሪው የነበረውን ኤቢኤ የሚባል ሊግ ዋጠው። ያ ባለ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ኳስ ያለው። አራት ክለቦች ገቡ፣ ሌሎቹ ቀሩ። እዚህ ላይ የምነግራችሁን ለሚስቴ ስነግራት አላመነችኝም። ከቀሩት አንዱ የሴንት ሉዊስ ክለብ ነው፣ ባለቤቶቹ ሲልና የሚባሉ ወንድማማቾች። ለመተው ሲስማሙ፣ ከገቡት ከአራቱ ክለቦች ከእያንዳንዱ የቴሌቪዥን ገቢ አንድ ሰባተኛ ለዘለዓለም ይሰጠን አሉ። ያኔ የቴሌቪዥን ገንዘብ ኢምንት ነበርና እሺ ተባሉ። ቡድን የላቸው፣ ተጫዋች የላቸው፣ ቁጭ ብለው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ፣ በ2014 ደግሞ ውሉን ለማቆም ሌላ 500 ሚሊዮን ገደማ ተቀበሉ። በዚያው ሊግ ጉልበታቸውን የጨረሱት ተጫዋቾችስ? ብዙዎቹ ጡረታቸው ወረቀት ላይ ቀረ። ሊጉና ማኅበሩ 24.5 ሚሊዮን ዶላር መድበው ወደ 115 ለሚሆኑት ለመክፈል የተስማሙት በ2022 ነው። 46 ዓመት! ጥቂት የማይባሉት ያን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።

ከአፍሪካ ማኑት ቦልን ላንሣና ልቋጭ። የደቡብ ሱዳን ዲንካ፣ 2 ሜትር ከ31። በ1985 እዚሁ ለዋሽንግተን ቡሌትስ መጣ። በጠቅላላ ዘመኑ ካገባው ነጥብ ይልቅ ያከሸፈው የተቃራኒ ኳስ ይበዛል፣ 1,599 ነጥብ እና 2,086 ክሽፈት። በ1987 1 ሜትር ከ60 የሆነውን መግሲ ቦግስን አጠገቡ አቁመው ፎቶ ሲያነሡት አሜሪካኖቹ ሣቁ። እሱ ያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለወገኑ ስደተኞችና ለትግላቸው በተነው፣ ባዶ እጁን ቀረ። በመጨረሻ ለትውልድ መንደሩ ትምህርት ቤት ሊያሠራ ሲል በ2010 ከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳው ሻርሎትስቪል ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፣ 47 ዓመቱ ነበር። አገሩ ነጻ የወጣችው በዓመቱ ነው። ጎረቤታችን ነው፣ ግን የኛ ሰው ስሙን የሚያነሣው በቁመቱ ለመቀለድ ነው።

በ70ዎቹ የመጣችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቡሌትስ በ1978 ሲያትልን አሸንፎ የዚህን ከተማ እስካሁን ብቸኛ የኤንቢኤ ዋንጫ ሲያመጣ፣ እነ ዌስ አንሰልድ፣ እነ ኤልቪን ሄይስ፣ ላንዶቨር ያለው ካፒታል ሴንተር ገብቶ ያየ ከመካከላችሁ አለ? አንሰልድ 2 ሜትር ብቻ ሆኖ ከሱ ከሚረዝሙት ጋር መሀል ሲጋፋ፣ ኳሷን ይዞ ወደ መሬት ሳይወርድ እስከ ማዶ ሲወረውራት አይታችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። ያኔ አብዛኞቹ መኪና ማቆሚያና ሆቴል ይሠሩ ነበር ይባላል፤ ቲኬት ስንት ነበር? በየት አውቶቡስ ነው የሚኬደው?